የጠፈር መንኮራኩር ሲያርፍ የተቀረጸበትን የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፦ ለደሴና ለአካባቢዋ

ደሴ ላይ የቪኤችኤስ (የድሮው የቪዲዮ) ካሴት ጠላቱ የክረምቱ እርጥበት ነው። ዴክ (ማጫወቻው) ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በካሴቱ መስኮት ክሩን፣ ማለትም የተጠቀለለውን ቴፕ፣ ተመልከቱ። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና አታጫውቱት፤ ብናኙ ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ክፍል) ይደፍናል፣ ቀጥሎ ወደሚገባው ንጹሕ ካሴትም ይተላለፋል። ከሌሎቹ ለይታችሁ፣ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጨምራችሁ በደንብ በሚከደን ዕቃ አድርቁት።

ንጹሕ ከሆነ በጀርባው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከአፖሎ 11 የተላከው ምስልና መረጃ በቀጥታ የተቀዳባቸው ዋናዎቹ የቴሌሜትሪ ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ቀረጻ ሳይውሉ እንዳልቀሩ ናሳ በ2009 አስታውቋል። ዛሬ የምናየው ለቴሌቪዥን ሲቀየር ጥራቱን ያጣው ምስል ነው።

ለመገልበጥ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ካሴቱ እዚያ አንድ ቀን ይደር። ቀዝቃዛ ካሴት ሞቃት ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛል፤ የረጠበ ክር ደግሞ የዴኩ ከበሮ (ሄዱ ያለበት የሚሽከረከር ክፍል) ላይ ተጣብቆ ይበጠሳል። ሄዱን 99 በመቶ ኢሶፕሮፒል አልኮል በነካ፣ ቃጫ በማይለቅ ስስ ቆዳ አጽዱ። ቆዳውን ሳታንቀሳቅሱ ያዙና ከበሮውን በእጅ አዙሩት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያሸ ሰው ሄዱን ይሰብራል። ባለ 70 በመቶው አልኮል ውኃ ስላለበት አይሆንም።

ከእኛ ቴሌቪዥን የተቀዳው ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፦ ሲገለበጥ የምስሉ መጠን 720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ በሚባለው በሌላ ሥርዓት ስለሆነ፣ ፓል ብቻ የሚያነብ ዴክ ላይ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ቀለሙን ያጣል። ዴኩ ኤስ-ቪዲዮ የሚባለው የተሻለ የምስል መውጫ ካለው በእሱ ቅዱ፤ ተራውን ቢጫ የምስል ገመድ ተዉት። ዋናውን ቅጂ ምስሉን ሳያጎድል በሚያምቀው በኤፍኤፍቪ1፣ በኤምኬቪ ፋይል ያዙ፤ ለአንድ ሰዓት ወደ 30 ጊጋባይት አዘጋጁ። ኤምፒ4 ለማሳያ ይበቃል፤ ለዋና ቅጂ ግን የፓራሹቱን እጥፋትና ጎማው መሬት ሲነካ የሚነሳውን አቧራ ጨፍልቆ ያጠፋል። በዚያ ላይ በመሃል መብራት ከጠፋ ያልተዘጋ ኤምፒ4 አይከፈትም፤ ኤምኬቪ ግን እስከተቀዳበት ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ቢሆንም ዴኩንም ኮምፒውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ሰኩ።

እጃችሁ ያለው የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ሆኖ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ከሌሎች ፊልሞች አርቁት፤ ፕሮጀክተር ላይም አትጫኑት።

በጣም የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ካሴቱ ላይ «1961» ብቻ ተጽፎ ከሆነ በፈረንጆቹ ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣበት፣ በእኛ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈበት ዓመት ነው። ይህም በቂ አይደለም፤ መንኮራኩሩ ያረፈው በእኛ ሰዓት ሐምሌ 13 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ሲሆን፣ አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው ሐምሌ 14 ሊነጋጋ ሲል ነው። የፋይሉን ስም በፈረንጆቹ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ጀምሩ፤ የእኛን ቀንና በካሴቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ለብቻው መዝግቡ።

በመጨረሻ የሻ-256 (SHA-256) ቁጥሩን፣ ፋይሉ ቢለወጥ የሚያሳብቀውን መለያ፣ አውጥታችሁ ሦስት ቅጂ አድርጉ። ሁለቱ በተለያየ ሃርድ ዲስክ ይሁኑ፤ ሦስተኛው ወልድያ ወይም ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በየዓመቱ ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ካሴቱንም አትጣሉት፣ ከስፒከር አርቃችሁ በቁሙ አስቀምጡት።