«ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ» ሲባል ምን ያደርጋሉ? ረቂቅ ሕግ አዋጅ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው ሻይ ቤት ተሰብስቦ ዜና ይሰማል። «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን ለዝርዝር እይታ ለቋሚ ኮሚቴ መራ» ሲባል ብዙው ነገሩ ያለቀለት መስሎት ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ተራው ሰው የሚደመጥበት ጊዜ የሚጀምረው ገና ያን ዕለት ነውና።

በመጀመሪያ ረቂቁ ከየት እንደመጣ ይወቁ። አብዛኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰናድቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከተወያየበት በኋላ ከነማብራሪያው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል። በመጀመሪያው ንባብ አባላቱ በጠቅላላ ይዘቱ ላይ ይነጋገሩና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ፣ ማለትም በዘርፉ ለተመደቡ ጥቂት የምክር ቤቱ አባላት ቡድን፣ ይመሩታል።

አሁን ረቂቁን ፈልገው ያግኙና አንቀጽ በአንቀጽ ያንብቡ። ኮሚቴውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አዘጋጆቹን ይጠይቃል፣ ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል። አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ላሳይዎት። አንድ የመሬት ረቂቅ «የይዞታ ደብተር እና የጎረቤት ምስክር ያቀረበ ሰው» ይላል እንበል። ቤቷ ተቃጥሎ ደብተሯ የነደደባት አንዲት የመንዝ እናት አሥር ምስክር ብትቆጥርም አይጠቅማትም። «እና» ወጥታ «ወይም» ብትገባ ግን መሬቷ ይተርፍላታል። ስለዚህ «ሕጉ ገበሬውን ይጎዳል» ብለው አያብቁ። የአንቀጹን ቁጥር፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና በምትኩ እንዲገባ የሚፈልጉትን ቃል በአንድ ገጽ ጽፈው ለኮሚቴው ወይም ለምርጫ ክልልዎ ተወካይ ያድርሱ። አይዘግዩ፤ ኮሚቴው ሪፖርቱን ካቀረበ በኋላ ቃል ማስለወጥ ከባድ ነው።

ሪፖርቱና የውሳኔ ሐሳቡ ሲቀርብ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፤ ሕጉ በድምፅ ብልጫ ይጸድቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል።

ሁለተኛው ምክር ቤትስ? የንጉሡን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶች ይህን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሕግ ሕዝብ በሚመርጠው በሕግ መምሪያውም፣ ንጉሡ በሚሾሙት በሕግ መወሰኛውም ምክር ቤት ማለፍ ነበረበት። በ1987ቱ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለተራ አዋጅ ድምፅ አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ሲሻሻል ደግሞ የሁለቱም ምክር ቤቶች ድምፅ ያስፈልጋል።

የመሬት ጉዳይ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ አያበቃም። መሬትን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ ክልሉ ስለሆነ፣ የክልሉ ምክር ቤትም ባሕር ዳር ላይ ዝርዝር ሕግ ያወጣል። የጻፉትን ገጽ ቅጂ ያስቀሩ፤ ለዚያም ያስፈልግዎታል።