የድሮ የፒኤችፒ ሲስተም ስታድሱ እነዚህን አታድርጉ

ሳይቱን የሚያስቀምጠው ድርጅት፣ ሆስቲንጉ፣ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አሮጌውን ፒኤችፒ እናጠፋለን» የሚል ኢሜይል ሲልክ ሁሉም ይደነግጣል። ምኑ ያስደነግጣል? ሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ፣ የፒኤችፒ፣ የ5.6 ቨርዥን ድጋፍ ያበቃው በ2018 መጨረሻ ነው፤ የ7.4 ደግሞ በኖቬምበር 2022። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ያም ሆኖ ለእኔ የሚደወልልኝ ሁልጊዜ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ልጻፋቸው። ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን) ተጠቀሙ፣ ባክአፕ ያዙ አልላችሁም። ያንን ያላደረገ ይህን ማንበብ ትቶ መጀመሪያ እሱን ያድርግ።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም በአንዴ መነካካት ነው። ቨርዥን ከፍ ማድረግ አንድ ሥራ ነው። ኮድ ማጽዳት ሌላ ሥራ ነው። አዲስ ነገር መጨመር ሦስተኛ ነው። ሦስቱንም በአንድ ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ የሚሠራ ሰው ሞልቷል፤ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው ማን ይወቅ? ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሩ እንኳ በዚያው ኮሚት (ጊት ላይ በአንዴ በሚመዘገብ ለውጥ) ውስጡን አትቀይሩ። ጊት ዝውውሩን የሚለየው በይዘት መመሳሰል ነው። ብዙ ከቀየራችሁት አንድ ፋይል ጠፍቶ ሌላ እንደተፈጠረ ይቆጥረዋል፤ የፋይሉን ታሪክ ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድ ከባድ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ያስጠላ ኮድ ሁሉ የማያስፈልግ ይመስላችኋል። አንድ ጎበዝ ልጅ የምዝገባ ፎርም ሲያጸዳ በእጅ የተጻፈ ረጅም የቀን ማረጋገጫ አገኘ። እውነትም ያስጠላ ነበር። አጠፋውና በፒኤችፒው ዝግጁ ፈንክሽን፣ በቼክዴት፣ በአንድ መስመር ተካው። በራሱ የልደት ቀን ሞከረ፤ አለፈ። ፎርሙ ግን የሚቀበለው በእኛ አቆጣጠር ነበር። ቼክዴት ጥቅምት 30ን ሲያይ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት መለሰው። ጳጉሜ የተወለደማ ጭራሽ የለም ተባለ። እንዲህ ያለ ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው የጊቱን ታሪክ እዩ። ሰውየው አሁንም ስልክ የሚያነሳ ከሆነ ደውሉለት።

ሦስተኛው፣ «ኤረር የለም፣ ስለዚህ ይሠራል» ማለት ነው። እስከ ፒኤችፒ 7 ድረስ ቁጥር ያልሆነ ጽሑፍ በሁለት እኩል ምልክት ከ0 ጋር ሲወዳደር «እኩል ነው» ይባል ነበር። በኖቬምበር 2020 የወጣው 8.0 ይህን ቀየረው። የአንድ ሥልጠና ሰጪ አድሚን ዋጋ የሚሞላበት ቦታ ላይ «ነፃ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ኮዱ ደግሞ ዋጋው 0 ከሆነ ሰውን ያለ ክፍያ ያሳልፋል። ለዓመታት ያለችግር ሠራ። ሲስተሙ ወደ 8 ባደገ ማግሥት ለነፃው ሥልጠና የሚመዘገቡት ሁሉ «ክፈሉ» ተባሉ። ሎጉ ላይ አንድም መስመር የለም። ቴስት የሌለው ሲስተም ከሆነ ቢያንስ ይህን አድርጉ፦ ዋና ዋናዎቹን ገጾች በአሮጌው ቨርዥን ክፈቱ፣ የሚወጣውን አስቀምጡ፣ በአዲሱ ላይ ደግማችሁ አወዳድሩ። ኮድ የሚያድሰው ሬክተርና ስህተት የሚፈልገው ፒኤችፒስታን ብዙ ያግዛሉ። ዳታቤዙ ውስጥ «ነፃ» የሚል ቃል እንዳለ ግን አያውቁም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። የአማርኛው ዳታ እንዴት እንደተቀመጠ ሳያዩ የዳታቤዙን ግንኙነት መቀየር።

ፒኤችፒ ከዳታቤዙ፣ ከማይኤስኪውኤል፣ ጋር የሚገናኝባቸው የድሮዎቹ ፈንክሽኖች በፒኤችፒ 7.0፣ በዲሴምበር 2015 ተወግደዋል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ሌሎቹ መገናኛዎች፣ ወደ ፒዲኦ ወይም ወደ ማይኤስኪውኤልአይ ይዞራል። አዲሱን የግንኙነት መስመር ከሆነ ቦታ ይገለብጣል፤ መስመሩ ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) የሚል አለ። ሳይቱን ሲከፍተው አማርኛው የለም።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ካልተነገረው ቴብል የሚፈጥረው በላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ በሚይዝ ኮድ) ነበር። የፊደል አደራደሩም የስዊድን ነው፤ የድርጅቱ አገር ስዊድን ስለነበረች። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ነባሪ የሆነው በ2018፣ ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ነው። የድሮው ኮድም ብዙውን ጊዜ የሚገናኘው በላቲን1 ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ነው። ዳታቤዙ እነዚያን ባይቶች 3 የላቲን ፊደላት መስለውት አስቀመጣቸው። ሲጠየቅም እንዳሉ መለሳቸው፤ ብራውዘሩ አማርኛ አድርጎ አሳያቸው። ሲገባም ሲወጣም ስህተት ነው፤ ሁለቱ ስለሚካካሱ ግን ማንም አላወቀም።

ግንኙነቱን ብቻ ስትቀይሩ አሮጌው ጽሑፍ የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል። ይህ አያስፈራም። ባይቶቹ አሉ፤ ይመለሳል። የሚያስፈራው አዲስ የሚገባው ነው። ኮለሙ አሁንም ላቲን1 ስለሆነ አማርኛ ማረፊያ የለውም። ጥብቁ ሞድ (ስህተት ያለበትን ዳታ አልቀበልም የሚለው) ካልበራ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ እሱ ደግሞ አይመለስም። አንድ ቢሮ ሳይቱን ዓርብ ማታ እንዲህ ትቶ ሄደ። ሰኞ ሲመጡ ቅዳሜና እሑድ የተመዘገበው ሁሉ ስሙ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ጠበቃቸው። ስልክ ቁጥሩ ተርፎ ስለነበር አንድ በአንድ እየደወሉ «ይቅርታ፣ ስምዎን ይነግሩናል?» ሲሉ ዋሉ።

ከዚያ የሚመጣው መፍትሔ ደግሞ ከበሽታው ይብሳል። አንዱ ቴብሉን በሙሉ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውጥ ትእዛዝ ፈልጎ ያስኬዳል። ዳታቤዙ ቅራቅንቦውን እውነተኛ ጽሑፍ ነው ብሎ ስለሚያምን ቅራቅንቦ እንደሆነ ይለውጠዋል። ሌላው ሲያሳይ ብቻ የሚያስተካክል ፈንክሽን ይጽፋል። አሁን ግማሹ ረድፍ ትክክል፣ ግማሹ የተበላሸ ሆነ፤ የቱ የቱ እንደሆነም አይታወቅም። እንዲህ ያለ ቴብል ይዛችሁ መጥታችሁ «ለነገ ይደርሳል?» አትበሉኝ።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም አይደለም። ቅጂ ላይ ሞክሩ። ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ባይነሪ ለውጡ፤ ያኔ ዳታቤዙ ባይቶቹን እንደ ፊደል ማየቱን ይተዋል። ቀጥሎ ከባይነሪ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጽሑፍ መልሱት። ይህን ስታደርጉ ሳይቱ ዝግ ይሁን፤ የግንኙነቱም መስመር አብሮ ይቀየር። አንድ እንቅፋት ግን አለ። 50 ቁምፊ የተፈቀደለት የስም ኮለም በላቲን1 የሚይዘው 16 ገደማ የአማርኛ ፊደል ነው። ስሙን እስከ አያት የጻፈ ሰው በዝምታ ተቆርጧል፤ አንዳንዱም ፊደሉ መሃል ላይ። ለውጡ እንዲህ ያለ ረድፍ ጋ ሲደርስ ኤረር ሰጥቶ ሊቆም ይችላል። አስቀድማችሁ ፈልጓቸው።

በዚሁ ላይ፣ የጽሑፍ ርዝመት በፒኤችፒው ፈንክሽን በስትርሌን አትቁጠሩ፤ የሚቆጥረው ባይት ነው። ለ«ሰላም» 9 ይላችኋል። ፒኤችፒ 6 ዩኒኮድን ከውስጥ ያመጣል ተብሎ ነበር፤ በ2010 ተተወና ከ5 ወደ 7 ዘለልን። በኤምቢ የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ተጠቀሙ።

በኮምፖዘር፣ ላይብረሪ በሚያመጣው መሣሪያ፣ ላይቭ ሰርቨር ላይ አፕዴት አይባልም። ኢንስቶል ነው የሚባለው፣ ቨርዥኖቹን ከሚቆልፈው ሎክ ፋይል ጋር።

የመጨረሻው፣ «ይህን ማንም አይጠቀምበትም» ብሎ ፋይል ማጥፋት። ጃንዋሪ ላይ ሎጉን አይተው የሒሳብ መዝጊያውን ስክሪፕት ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ስክሪፕቱን የሚፈልገው ሰው የሚመጣው በሰኔ መጨረሻ ነው፣ እሱም ተጣድፎ። የአንድ ወር ሎግ አይታችሁ አትወስኑ፤ ቢያንስ ሰኔ 30 ይለፍ።