የንግድ ምልክት ክስ ከመክፈታችሁ በፊት፦ አዳማ ላይ የሰለቹኝ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ በጥብቅና ስሠራ፣ የአእምሯዊ ንብረት ክርክር ይዘው ቢሮዬ የሚመጡ ብዙ ነጋዴዎች ገና ክስ ሳይመሠርቱ ጉዳያቸው ተበላሽቶ አገኘዋለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የንግድ ስምን (ድርጅቱ የሚጠራበትን) እና የንግድ ምልክትን (ዕቃው ከሌላው የሚለይበትን) አንድ አድርጎ ማየት ነው። ንግድ ቢሮ ስም መዝግቦ ፈቃድ ስለሰጠ ብቻ፣ ማሸጊያው ላይ የታተመው ስምና ሥዕል የእኔ ነው ብሎ መተኛት! በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው፤ የሚመዘግበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በርበሬና ሽሮ እያሸጉ የሚሸጡ አንዲት እናት ገበያውን በላባቸው ከገነቡ በኋላ፣ አከፋፋያቸው የነበረው ሰው ምልክቱን በራሱ ስም አስመዘገበው። ደረሰኝ አላቸው፣ ግብር ከፍለዋል፣ ደንበኞቻቸው ይመሰክሩላቸዋል። ምስክር ወረቀቱ ግን በእርሱ እጅ ነው። መቃወሚያ ያለው እንዲያቀርብ ማስታወቂያ ሲወጣም አላዩትም። አስመሳዩን መክሰስ ሲገባቸው ምዝገባው እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ተገደዱ፤ ሰውየው ቅን ልቦና እንዳልነበረው የማስረዳቱም ሸክም በእርሳቸው ላይ ወደቀ። እባካችሁ፣ ማሸጊያ ከማሳተማችሁ በፊት አስመዝግቡ!

ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የሚጠብቃችሁም ባስመዘገባችሁበት የዕቃ ወይም የአገልግሎት መደብ ነው፤ ለሽሮ ብላችሁ የምታስመዘግቡትን ለሆቴልም ከፈለጋችሁት በማመልከቻው አካትቱት።

ሌሎች ደግሞ «ልዩ ፍርድ ቤት እስኪቋቋም ልጠብቅ» ይላሉ። ምኞቱ የእኔም ነው። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የአእምሯዊ ንብረትና የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት አላት፤ ሁለት መደበኛ ዳኞች ከአንድ የዘርፉ ባለሙያ ጋር ይሰየማሉ። ለእኛም ቢሆን እንዴት በጠቀመን! ነገር ግን እንዲህ ያለ ችሎትም ያልተመዘገበን ምልክት እንደተመዘገበ አይቆጥርም፤ እናንተ ስትጠብቁ አስመሳዩ ገበያውን ይወስዳል።

ክስ ይዞ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድም የተለመደ ነው። ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ባልተቋቋመበት ክልል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 መሠረት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የመጀመሪያ ደረጃውን ደግሞ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ይሠራበታል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስረጃችሁን አስቀድማችሁ አስተርጉሙ። ለትርጉም ሲባል ቀጠሮ ሲራዘም ማየት ያሳዝናል።

በንዴት ተነሥቶ አስመሳዩን ማስጠንቀቅ ሌላው ጥፋት ነው። ሱቁ ሄዳችሁ ስትጮኹ ዕቃውን በማግሥቱ ያሸሸዋል። መጀመሪያ በደረሰኝ ግዙ፣ ማሸጊያውን ሳትከፍቱ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ ፍርድ ቤቱን ጊዜያዊ እግድ ጠይቁ።

ካሳ ላይም ከአየር ላይ የተጠራ ሚሊዮን አትጻፉ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለሞራል ጉዳት ከ100 ሺህ ብር የማያንስ ካሳ ያስቀምጣል፤ የንግድ ምልክት ከሳሾች ይህን ለራሳቸው ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ የንግድ ምልክት አዋጁ ግን ሌላ ነው። ዳኛው የሚጠይቃችሁ አስመሳዩ ከመምጣቱ በፊትና በኋላ ስንት እንደሸጣችሁ ነው። የሽያጭ መዝገባችሁን በወር በወሩ አዘጋጅታችሁ ከክሱ ጋር አያይዙት።