ቢዝነስ ኢንግሊሽ ለምታስተምሩ፦ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ነገር እንዴት ክፍል ውስጥ ታስገቡታላችሁ

ቢዝነስ ኢንግሊሽ ማስተማር የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ዌብሳይት ነው አሪፉ?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌም መልሼ እጠይቃለሁ፣ ተማሪዎችህ ምን ሰርተው ነው የሚበሉት? ባንክ ናቸው? ሆቴል ሪሴፕሽን? አስመጪ ላኪ? ማቴሪያል እኮ ሞልቷል፣ የጎደለው እሱ አይደለም። አብዛኛው አስተማሪ ሊንክ ሰብስቦ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለቅና ያስተማረ ይመስለዋል፣ ተማሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሰራ ውሎ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደክሞት የሚመጣ ሰው ነው፣ ሊንኩን አይከፍተውም፣ ቢከፍተውም ለነገ ስራው ምን እንደሚጠቅመው ካልታየው ሁለት ደቂቃ አይቶ ቲክቶክ ይገባል፣ አይፈረድበትም።

እዚህ ምሳሌ የማደርገው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሰራተኞችን ማስተማርን ነው፣ ሌላ ዘርፍ የምታስተምሩም በራሳችሁ እየቀየራችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ዌብሳይት አትክፈቱ፣ ኢንቦክስ አስከፍቱ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ የተላከለትንና እሱ የላከውን ጥቂት ኢሜይል ይዞ ይምጣ፣ የገዢው ስም፣ ዋጋውና የባንክ አካውንቱ ተሰርዞ (ይሄን አጥብቃችሁ ንገሯቸው፣ የድርጅት ሚስጥር ነው፣ ነገ ጣጣ ይመጣል)። ኢሜይሎቹን ስታዩ ስራቸው በእንግሊዝኛ ምን ምን እንደሚያስደርጋቸው ወዲያው ይገባችኋል፣ ሳምፕል መላክ፣ ሳምፕሉ አፕሩቭ ሆነ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ኤልሲው (ገዢው በባንክ በኩል የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) ላይ የተሳሳተ ነገር ይስተካከል ማለት፣ ኮንቴነር ዘገየ ብሎ ማሳወቅ፣ ክፍያ መጠየቅ። በቃ ካሪኩለማችሁ እሱ ነው። ከዛ በኋላ ነው ኢንተርኔት የሚመጣው፣ ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ቁራጭ ፍለጋ።

አንድ ምሳሌ በደንብ ላሳያችሁ። ኮንቴነር ሲዘገይ የሚጻፈው ኢሜይል ብዙ ጊዜ ይሄን ይመስላል፣ "ዲር ሰር፣ ሃው አር ዩ? ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ? አይ ሆፕ ኤቭሪቲንግ ኢዝ ፋይን" ይልና ስለ ቆየው ወዳጅነት ሁለት ሶስት መስመር ይጨምራል፣ ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ "ዘ ኮንቴነር ኢዝ ሌት ቢኮዝ ኦፍ ሰም ፕሮብሌም፣ ሶሪ።" ለኛ ሰላምታ ሳይባል ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለሆነ ነው፣ ተማሪው አልተሳሳተም፣ ግን ሀምቡርግ ያለው ገዢ ያንን ኢሜይል ስልኩ ላይ ሲያየው የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፣ እሱ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ሶስት ነገር ነው፦ ለምን ዘገየ፣ አዲሱ ቀን መቼ ነው፣ ከኔ የሚጠበቅ ነገር አለ ወይ።

ኢሜይሉን ጉግል ዶክስ ላይ ፔስት አድርጉና ተማሪዎቹን አስገቧቸው፣ ኤዲቲንግ ላይ ሳይሆን ሰጀስቲንግ ላይ አድርጉት፣ እንደዛ ሲሆን ማን ምን እንደቀየረ በቀለም ይታያል። እናንተ እንዳታርሙ! ኮመንት ላይ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፣ "ገዢው ይሄን አንብቦ ቀኑን ያውቀዋል?" "ሰም ፕሮብሌም ማለት ምንድነው፣ ትራክ ነው ወረቀት ነው?" ሁለት ሶስቴ ከተመላለሱበት በኋላ እንዲህ የሚል ነገር ይወጣል፣ "ዊ ሪግሬት ቱ ኢንፎርም ዩ ዛት ዘ ሺፕመንት ሃዝ ቢን ዲሌይድ ዱ ቱ ኤ ሾርቴጅ ኦፍ ትራክስ። ዘ ኒው ሴይሊንግ ዴት ፍሮም ጅቡቲ ኢዝ 18 ማርች።" ሰላምታው አንድ መስመር ይቅርለት፣ ሙሉ በሙሉ አታጥፉበት፣ ከድሮ ደንበኛ ጋር እሱም ስራ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የብሪቲሽ ካውንስልን ለርን ኢንግሊሽ መክፈት። እዛ የቢዝነስ ክፍል አለው፣ የራይቲንግ ትምህርቶቹ ደግሞ በሌቭል የተከፋፈሉ ናቸው፣ እያንዳንዱ ናሙና ጽሁፍ፣ መልመጃና ጥቂት ጠቃሚ ምክር ይዟል። ተማሪው የራሱን ኢሜይል ከታገለበት በኋላ ናሙናውን ሲያይ "አሃ፣ እንደዚህ ነው ለካ" ይላል፣ ቀድማችሁ ካሳያችሁት ግን ኮፒ ያደርገዋል እንጂ አያስብም። ቅደም ተከተሉ ላይ ድርቅ የምለው ለዚህ ነው።

ለመናገርና ለማዳመጥ ቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ላይ ያለውን እንግሊሽ አት ወርክ የሚባለውን ተከታታይ እወደዋለሁ። አና የምትባል ልጅ ቲፕ ቶፕ ትሬዲንግ የሚባል የለንደን ድርጅት ውስጥ ተቀጥራ የሚገጥማት ነገር ነው፣ ድርጅቱ የሚሸጠው የፕላስቲክ ፍራፍሬ ነው (ኧረ የምር)፣ ቀልድ አለው፣ አጭር ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ የቢሮ ሁኔታ ላይ ያተኩራል፣ ስልክ ማንሳት፣ ስብሰባ፣ ከደንበኛ ጋር መደራደር። ግን ከፍታችሁ አብራችሁ አትሳቁ ብቻ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ቁራጭ ይበቃል፣ አንዴ ያለ ጽሁፍ ያዳምጡት፣ ቀጥሎ "አና ምን ፈልጋ ነው የደወለችው?" አይነት አንድ ጥያቄ፣ ሶስተኛ ላይ አረፍተ ነገር እያቆማችሁ ይድገሙት፣ መጨረሻ ላይ የፕላስቲክ ፍራፍሬውን በይርጋጨፌ ቡና ቀይረው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጫወቱት። ፈጠነባቸው ካላችሁ ዩቱብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርጉት፣ ከዛ በታች ግን ድምጹ የሰከረ ሰው ይመስላል።

የዛው የቢቢሲ ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽም ጥሩ ነው፣ ጽሁፉም ድምጹም ዳውንሎድ ይሆናል፣ ታክሲ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው። ቢዝነስ ብቻ ስላልሆነ ርዕስ መርጣችሁ ላኩ።

አነጋገር ላይ ዩግሊሽን ያልሞከረ አስተማሪ ብዙ ነገር አምልጦታል። ቃል ወይም ሀረግ ስትጽፉበት ያንን ቃል ሰዎች ዩቱብ ላይ ሲሉት የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ትክክል ቃሉ ከሚባልበት ቦታ ጀምሮ ያጫውታል፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ ብላችሁ መለየትም ይቻላል። እኔ በጣም የምጠቀምበት ለቁጥር ነው። ፊፍቲንና ፊፍቲን ተማሪ ጆሮ ላይ አንድ ናቸው፣ ይኸው እኔም ስጽፈው አንድ ሆነ፣ 15ን እና 50ን ማለቴ ነው። አንዱ የሚጠነክረው መጨረሻው ላይ ሌላው መጀመሪያው ላይ ነው፣ ይሄን በቃል ከማስረዳት 15 ፐርሰንት እና 50 ፐርሰንት የሚሉ አስር ሰዎችን አሰምቶ የቱ ነው ብሎ ማስገመት ይሻላል። ዋጋ ላይ 15 ሳንቲም እና 50 ሳንቲም ቢምታታ ምን እንደሚሆን ቡና የሚሸጥ ሰው አታስረዱትም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ለኛ ተማሪዎች የትኛውም የውጭ ኮርስ የማያስተምራቸው ነገር ስለሆነ እናንተው ናችሁ የምትሰሩት። ሀገር ውስጥ ቡና በፈረሱላ ነው የሚታሰበው፣ 17 ኪሎ፣ ኒውዮርክ ያለው የቡና ገበያ ላይ ግን ዋጋው በፓውንድ (የክብደቱ ፓውንድ) ስንት የአሜሪካ ሳንቲም ተብሎ ነው። አንድ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ስለሆነ ፈረሱላው 37 ፓውንድ ተኩል አካባቢ ይመጣል፣ ስለዚህ በፓውንድ 3 ዶላር የሚል ሰው በፈረሱላ 112 ዶላር ገደማ እያለ ነው። ይሄን ሂሳብ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ መስራት አሪፍ ልምምድ ነው፣ በ60 ኪሎ ጆንያ 320 ጆንያ የጫነ ኮንቴነር ስንት ቶን ነው፣ በዚህ ዋጋ ስንት ብር፣ ይቅርታ ስንት ዶላር ነው፣ ወዘተ። የቀኑን የኒውዮርክ ዋጋ ከኢንተርኔት አውጥተው ይምጡ፣ ትኩስ ነገር ሲሆን ይነቃሉ።

ሰዓትና ቀንም እንደዛው። ተማሪያችሁ "ሌትስ ሚት አት ስሪ" ብሎ ከጻፈ እሱ ጠዋት 3 ሰዓት እያለ ሊሆን ይችላል፣ ገዢው ከሰዓት በኋላ ነው የሚጠብቀው። ቀኑን ደግሞ 5/10 ብሎ ቢጽፍ አሜሪካዊው ሜይ 10 ብሎ ያነበዋል፣ አውሮፓዊው ኦክቶበር 5፣ የኛ ሰው ሀሳቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላይ ከሆነ ሰኔ 5 ነው፣ ሶስት ሰው ሶስት ቀን። ህጉ ቀላል ነው፣ ወር ሁሌ በፊደል ይጻፋል፣ ሰዓት ከኤኤም ወይም ፒኤም ጋር ይሆንና "አዲስ አበባ ታይም" ይጨመርበታል። ጉግል ካሌንደር ላይ ኢንቪቴሽን መላክ አስተምሯቸው፣ ሰዓቱን ለተቀባዩ ራሱ ይቀይርለታል።

ቴሌግራም ግሩፑን የሊንክ መጣያ አታድርጉት ብያለሁ፣ ታዲያ ለምን ይሁን? ለድምጽ። በሳምንት ውስጥ በክፍል መሀል አንድ ሁኔታ ትለጥፋላችሁ፣ "ገዢው ሳምፕሉ አልደረሰኝም ብሎ ተቆጥቷል፣ በ40 ሰከንድ ቮይስ መልሱለት" ብላችሁ። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍተው ልጅ ቤቱ ሆኖ አምስቴ ቀድቶ አጥፍቶ ስድስተኛውን ይልካል፣ ልምምዱ ያ የጠፋው አምስቱ ነው። ማረሚያውን ግሩፕ ላይ ሳይሆን በውስጥ ላኩለት፣ በተለይ አለቃና ሰራተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉ፣ አለቃ በሰው ፊት ከታረመ ሁለተኛ አይመጣም። ለቃላት ደግሞ የቴሌግራም ፖል ውስጥ ኩዊዝ የሚለውን ተጠቀሙ፣ ትክክለኛውን መልስ ትመርጣላችሁ፣ ሲሳሳቱ የሚወጣ ማብራሪያም መጻፍ ይቻላል፣ ሌላ አፕ ጫኑ ከማለት ይሄ ይቀላል።

ስለ ቻትጂፒቲና ጀሚናይ የሚጠይቅ አይጠፋም። ተማሪው ኢሜይሉን እንዲጽፍለት ካደረገ እናንተ አታስፈልጉም፣ እሱም አይማርም፣ ከዛ ገዢው ስልክ ሲደውል ጉድ ይፈላል። እኔ የምጠቀምበት ገዢ ሆኖ እንዲጫወት ነው። ፕሮምፕቱ ግልጽ ይሁን፣ "አንተ ጀርመን ያለህ ቡና ገዢ ነህ፣ ዋጋው ተወዶብሃል፣ አንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፣ ስህተቴን አሁን አታርም፣ ስንጨርስ ሶስቱን ዋና ዋና ብቻ ንገረኝ" ብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍለት። "ሶስቱን ብቻ" የሚለው ካልተጨመረ ሀያ ስህተት ዘርዝሮ ልጁን ተስፋ ያስቆርጠዋል። እውነተኛ ኮንትራት ግን እዛ ላይ ፔስት እንዳይደረግ፣ እንዲሁም የንግድ ቃል ትርጉም ሲሰጣችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ለምሳሌ ኤፍኦቢ እና ሲአይኤፍ አይነት ቃላት ኢንኮተርምስ 2020 (ሻጭና ገዢ ወጪና ሀላፊነት የሚከፋፈሉበት ደንብ) ውስጥ ያሉት 11 ህጎች አካል ናቸው፣ የሚያወጣው አለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው፣ ማን ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ሀላፊነቱ የት ላይ ይተላለፋል የሚለው ገንዘብ ነው፣ በግምት አይሆንም። ድርጅቱ ውስጥ ሎጂስቲክስ የሚሰራውን ሰው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዙትና እሱ ያስረዳ፣ በእንግሊዝኛ። ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

ሌቭል ለማወቅ ብዙ አትጨነቁ። ካምብሪጅ ራይት ኤንድ ኢምፕሩቭ የሚባል በነጻ የሚሰራ ገጽ አለው፣ ጽሁፍ ስታስገቡበት ግምታዊ ሌቭል ይሰጣል፣ ስህተት ያለበትንም ቦታ ያመለክታል። ሰርተፍኬት የሚፈልግ ካለ ድሮ ቤክ የሚባለው የካምብሪጅ ቢዝነስ ኢንግሊሽ ፈተና ሶስት ደረጃዎቹ አሁን ቢ1 ቢዝነስ ፕሪሊሚነሪ፣ ቢ2 ቢዝነስ ቫንቴጅ እና ሲ1 ቢዝነስ ሃየር ይባላሉ፣ ናሙና ፈተናዎቹ ካምብሪጅ ድረ ገጽ ላይ ይገኛሉ። ፈተናውን ባይወስዱም የሪዲንግ ክፍሉ ለክፍል ስራ ይሆናል።

ኮኔክሽን ነገር። ክፍል ውስጥ ላይቭ አጫውታለሁ ብላችሁ አትግቡ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ ቀድማችሁ አውርዱ፣ ድምጹን ለብቻው ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ ጽሁፉን አትሙት፣ መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ ይቀጥላል። ኦንላይን የምታስተምሩ ከሆነ ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ ነጻው ጉግል ሚት ደግሞ ሶስትና ከዛ በላይ ሰው ካለ 60 ደቂቃ ነው፣ እኔ 40ውን እመርጣለሁ፣ 30 ደቂቃ ሰርቶ 10 ደቂቃ ለጥያቄ፣ የቀረው በቮይስ ይላካል። ካሜራ ክፈቱ ብላችሁ ግን አታስገድዱ፣ ፓኬጁን የሚገዛው ተማሪው ነው።