የጠፈርን ድር በላፕቶፕ ማድራት

ደብረ ብርሃን ላይ ተቀምጦ ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ የጨለማ ቁስን (ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ድር በስሌት አስመስሎ ማስኬድ ይቻላል። ጋጄት-4 የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። አስቀድመው ሊኑክስ ላይ ኤምፒአይ፣ ጂኤስኤል፣ ኤፍኤፍቲደብሊው እና ኤችዲኤፍ5 የተባሉትን ረዳት ፕሮግራሞች ይጫኑ፤ ኤምፒአይ ሥራውን ለብዙ ሂደቶች የሚያከፋፍለው ነው። መነሻ ቅንጣቶችን የሚያሰናዳው ኤንጄኒክ እዚያው ውስጥ ስላለ ሌላ ፍለጋ አይሂዱ። በኮንፊግ ፋይሉ ኤንጄኒክን (በአንድ ጎን ያለውን የቅንጣት ቁጥር) 128፣ ፒኤምግሪድን (የስበት ማስያ መረቡን) 256 ያድርጉ፤ ባለ ሁለተኛ ደረጃውን አጀማመር (2ኤልፒቲ) እና ሄሎ (በስበት የተሰበሰበ የጨለማ ቁስ ክምር) ፈላጊውን ኤፍኦኤፍን ይክፈቱ።

ስሌቱ የሚካሄድበት ሳጥን ጎን 50 ሜጋፓርሴክ (አንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ) በኤች፣ ማለትም ለኤች ተካፍሎ፣ ይሁን። ኤች (የጠፈርን የመስፋት ፍጥነት የሚገልጸው ቁጥር) 0.674፣ ጠቅላላ ቁስ (ከጠፈር ይዘት ያለው ድርሻ) 0.315፣ ሲግማ-8 (የቁስ መዛነፍ ልክ) ደግሞ 0.811 ነው፤ የፕላንክ ሳተላይት 2018 ውጤቶች ናቸው። 128 በሦስት አቅጣጫ 2,097,152 ቅንጣት ይሰጣል፤ የአንዱ መጠነ ቁስ 5.2 ቢሊዮን ፀሐይ በኤች ይሆናል። መነሻ ጊዜውን 0.02 ያድርጉ (የጠፈር መጠን ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር፤ ዛሬ 1 ነው)፣ ማለትም ሬድሺፍት (ብርሃን በጠፈር መስፋት የተለጠጠበት ልክ) 49። ዘግይተው ከጀመሩ መነሻው ግምት አይሠራም፤ እጅግ ቀድመው ከጀመሩ ደግሞ ጥቃቅኑ መዛነፍ በስሌት ስህተት ይዋጣል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው አሃድ ላይ ነው። ርዝመቱን በሜጋፓርሴክ ከያዙ ማለስለሻው (ቅንጣቶች ሲቀራረቡ ስበታቸው የሚለዝብበት ርቀት) 0.0156 ነው፤ 15.6 ብለው ከጻፉ በኪሎፓርሴክ አስበዋልና ምንም ሄሎ አይወጣም። ይህ ቁጥር የቅንጣቶች አማካይ ርቀት 1/25ኛ ነው። በጣም ካሳነሱት ሁለት ቅንጣቶች ሲተላለፉ በኃይል ይወራወራሉ፣ የጊዜ እርምጃውም ያጥርና ሥራው ይንቀራፈፋል። ቢሊዮኖች ፀሐይን የሚወክል ቅንጣት እንደ አንድ ድንጋይ መጋጨት የለበትም።

መብራት ይሄዳል፤ ያረጀ ባትሪም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የማስቀጠያ ፋይል የሚጻፍበትን ጊዜ ወደ 900 ሰከንድ ያውርዱ። ሲመለስ ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ 1 ጨምረው ያስነሱ፤ የኤምፒአይ ሂደቶች ቁጥር ግን በፊት ከነበረው አይለይ። 1 ከረሱ ከዜሮ ይጀምራል፣ የቀድሞውንም ውጤት ይደመስሳል። በ4 ሂደት ከሆነ ለእያንዳንዱ የማስታወሻ ጣሪያውን 1,500 ሜጋባይት ያድርጉ። ብርዱ ኮምፒውተሩን ያቀዘቅዘዋል ብለው ደግሞ አይዘናጉ፤ በ2,800 ሜትር ገደማ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ አያስቀምጡ።

ውጤቱን ሲያዩ መጀመሪያ ትልልቆቹን የቁስ መዛነፍ ሞገዶች ይፈትሹ፤ ከመነሻው 0.02 እስከ ዛሬው 1 ድረስ ከፍታቸው 40 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ካላደገ አሃዱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ስዕሉን ይሳሉ፦ ቁስ ከባዶው ስፍራ ወደ ክሮች፣ ከክሮቹ ወደ መገናኛቸው ይፈስሳል፤ የመንዝ ጅረቶች ተሰብስበው ወደ ጀማ ገደል እንደሚወርዱት።

ጋላክሲ ግን አይጠብቁ። የእኛን ጋላክሲ የሚያህል ሄሎ እዚህ ወደ 130 ቅንጣት ብቻ ነው፤ መኖሩ ይታያል፣ ውስጡ አይነበብም። ከ100 ቅንጣት በታች ያለውንም አይመኑት። ጎኑን ወደ 12.5 ቢያሳጥሩ ቅንጣቱ 64 ጊዜ ይቀላል፤ ሆኖም ረጃጅሙ ሞገድ ስለማይገባ ትልልቅ የጋላክሲ ክምችቶች አይፈጠሩም፣ እንዲህ ያለውን ሳጥን ሬድሺፍት 3 አካባቢ ማቆም ይሻላል። ጋዝና ኮከብ ለመጨመር ላፕቶፕ አይበቃም።