ስፒከርን ከአምፕሊፋየር ጋር ስናገናኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ከፋሲካ ማግስት ባሕር ዳር ወደሚገኘው የጥገና ቤቴ የሚመጡት አምፕሊፋየሮች አብዛኞቹ አውትፑት ትራንዚስተራቸው (ለስፒከሩ ኃይል የሚያወጣው ክፍል) የተቃጠለ ሲሆን፣ ባለቤቶቻቸው ጥፋቱን የሚያሳብቡት በመብራት መቆራረጥ ነው። እኔ ግን ስለ መብራቱ ከመነጋገራችን በፊት ስንት ስፒከር፣ ባለ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ ጅረትን የመቋቋም መለኪያ)፣ እንዴት ተያይዞ እንደነበር እጠይቃለሁ።

ከሽምብጥ የመጣ አንድ ወጣት ያመጣልኝን አምፕሊፋየር ስከፍተው፣ ከትራንዚስተሮቹ አጠገብ ያሉት ነጫጭ የሴራሚክ ሬዚስተሮች ጠቁረው፣ ቦርዱም ከሥራቸው አርሮ አገኘሁት። በግራው ቻናል ላይ ሁለት ባለ 8 ኦምና አንድ ባለ 4 ኦም ስፒከር፣ ፕላሱን ከፕላስ፣ ማይነሱን ከማይነስ ጠምዝዞ አስሮ ነበር። «ጋሼ፣ ስፒከር ሲበዛ ሥራውን ይካፈሉለታል ብዬ ነው» አለኝ። ይህን ቃል የሰማሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ፈጽሞ ስህተት ነው! በዚህ መልክ፣ ማለትም በፓራለል የሚታሰር እያንዳንዱ ስፒከር ለጅረቱ ተጨማሪ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ የአምፕሊፋየሩን ሸክም አያቀልም። ሁለቱ ባለ 8 ኦም አንድ ላይ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ባለ 4 ኦሙ ሲጨመርባቸው የሚቀረው 2 ኦም ነው። አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ሲያወጣ በ8 ኦም 2.5 አምፒር የነበረው ጅረት በ2 ኦም 10 አምፒር ይደርሳል፤ ከኋላው «ከ4 እስከ 16 ኦም» ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ ቻናል ላይ የግድ ካስፈለጉ፣ ሁለት ሁለቱን በሲሪየስ (የአንዱን ማይነስ ከሌላው ፕላስ) አያይዞ ጥንዶቹን በፓራለል ማገናኘት መልሶ 8 ኦም ይሰጣል።

ኤ እና ቢ የሚባሉትን የስፒከር ቁልፎች አንድ ላይ መጫንም በብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ያው ፓራለል ማሰር ስለሆነ፣ ለሁለቱ በአንድነት የተጻፈውን የኦም ቁጥር ለይታችሁ አንብቡ።

ዋት የኃይል መለኪያ ነውና ከኦም ጋር አታምታቱት።

ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ለክቼ 6.5 ሲያሳየኝ፣ ተበላሽቷል ብዬ ደህናውን ጥቅል ሽቦ ቀይሬ የሰው ገንዘብ አባክኛለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ቴስተር የሚያነበው የሽቦውን ሬዚስታንስ ብቻ ሲሆን፣ በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኢምፒዳንስ (ለሙዚቃው ጅረት ያለው ጠቅላላ መቋቋም) ግን ሙዚቃው በሚጫወትበት ጊዜ ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ጋር የሚለዋወጥ ነው። ስለዚህ 6 ወይም 7 ያነበበውን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8፣ ከ3 እስከ 3.7 ያነበበውን ደግሞ ባለ 4 ብላችሁ ያዙት።

ባለ 16 ኦም ስፒከር በትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላይ ድምፁን ዝቅ ከማድረግ በቀር ጉዳት አያመጣም። የድሮው ባለ አምፖል አምፕሊፋየር ግን ሌላ ነው፤ 4፣ 8 እና 16 ተብለው ከተለዩት መውጫዎች ከስፒከሩ ጋር የሚገጥመውን መርጣችሁ እሰሩ፣ ያለ ስፒከርም ድምፅ አታስጀምሩት፤ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

በመጨረሻም፣ በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት አምፕሊፋየርን በዳንቴል መሸፈን ይቅር። ባለ 4 ኦም ስፒከር የሚስበው ጅረት የሚፈጥረው ሙቀት የሚወጣው በክዳኑ ቀዳዳዎች በኩል ስለሆነ፣ ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አድርጉትና ከአምፕሊፋየሩ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት።