ልጅ ራሱን ሲያጠፋ እኛ ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ።

ከባዱ አሟሟቱን መደበቅ ነው። ድንኳን ውስጥ ሰው ጠጋ ብሎ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። ከቢቸና ለመጣው አጎቴ «ሆዱን አሞት» አልኩት። ለእድሩ ዳኛ ደግሞ «ልቡ ነው»። በአርባው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠላ ሲጠጡ አየኋቸው። እንባዬ ደረቀ። ለማን ምን እንዳልኩ ሳሰላ ዋልኩ። ለአገር ሁሉ ማውራት ግዴታ አይደለም። ለሁለት ለሦስት ሰው ግን እውነቱን ንገሩ። ለሌላው «ስለሱ ማውራት አልችልም» ይበቃል።

እኛ ጋ መደበቁ ሌላም ምክንያት አለው። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ይህን ፈርቼ ከንስሐ አባቴ ስድስት ወር ሸሸሁ። አትሽሹ። የልጁን ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሁሉንም ንገሯቸው። የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው እንጂ ጎረቤት አይደለም። የኔው አባት መጀመሪያ ያሉኝ «ምነው እስካሁን ብቻህን ተሸከምከው?» ነው።

ሌላው አንድ ምክንያት ማሳደድ ነው። ስልኩን ስንት ሌሊት አገላበጥኩት መሰላችሁ። «ያን ቀን ባልቆጣው ኖሮ» እያልኩ። ሰው ራሱን የሚያጠፋው በአንድ ነገር ብቻ አይደለም። ድባቴው፣ ጭንቀቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ይደራረባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 727 ሺህ ገደማ ሰው በዚህ መንገድ ሞቷል። የዚያ ሁሉ ሰው አባት ስለተቆጣ አይደለም።

የትዳር ጓደኛን ሐዘን መመዘንም አለ። ባለቤቴ ስታለቅስ ትውላለች፣ እኔ አጥር ሳጥር። «አንተ ምን አለብህ» አለችኝ አንድ ቀን። የመለስኩላትን አልጽፈውም። ሁለታችንም የምናለቅሰው ለአንድ ልጅ ነበር። (አጥሩ እስካሁን ጠንክሮ ቆሟል።)

እቃውን ለማውጣት አትቸኩሉ። በሠልስቱ ዘመዶች ልብሱን አጣጥፈው ለነዳያን ሰጡ። ክፋት አስበው አይደለም። የተረፈችኝ አንዲት ሹራብ ናት፤ አንገትጌዋ ላይ የፀጉር ቅባቱ ይሸት ነበር። አሁን ሽታው ጠፍቷል።

አረቄ። ያመለጥኩት ይህን ብቻ ነው፤ ያውም ጨጓራዬ ስለማይችል።

የቀሩትን ልጆች አትርሱ። ታናሽ እህቱ እውነቱን የሰማችው ትምህርት ቤት ነው። ለልጅ በአጭሩ፣ ሳትዋሹ ንገሩ። ዝርዝሩን ተዉት። የሷም ጥፋት እንዳልሆነ ግን ደጋግማችሁ ንገሯት፤ ልጅ ይህን በሆዱ ይዞ ዝም ይላል።

«ልከተለው» የሚለውን ሐሳብ መዋጥ ደግሞ አደገኛው ስህተት ነው። እኔንም መጥቶብኛል። ልጁን በዚህ መንገድ ባጣ ወላጅ ላይ ይህ ሐሳብ ይበረታል። ከመጣ ያኑ ሌሊት ሰው ቀስቅሱ፣ ብቻችሁን አትደሩ። አጠገባችሁ ያለውን ጎጂ ነገር ሰው ያርቅላችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩም ሆስፒታል ሂዱ። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የአእምሮ ሕክምና አለ። ሕክምናው ለ«ላበደ» ብቻ አይደለም። ጸበሉንም አትተዉ፣ መድኃኒቱንም እንዲሁ።

ስሙን አለመጥራትም ስህተት ነው። ቤታችን ስሙ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ይውላል። አምና በዚያው ቀን ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። እህቱ በድንገት ስሙን ጠራችና፣ ለዘመን መለወጫ ዶሮ ሲገዛ ከነጋዴ ጋር እንዴት ይከራከር እንደነበር አስመስላ አሳየችን። ባለቤቴ ሳቀች። ቶናውን ስትቀዳም እየሳቀች ነበር።